ያለ «በሞቴ» የቀረበ ምሳ

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ እናቴ «በሞቴ ብይ» ሳትል ምሳ አቀረበች። ልጅ እያለሁ፣ ቆቦ ከአውራ ጎዳናው ጀርባ በነበረው ቤታችን የሆነ ነው። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ታላቅ እህቴ ሰናይት አሥራ ስድስት ሞልቷታል።

ሰናይት ማሽላ ሲደርስ ጣፋጩን አገዳ፣ ጥንቅሹን፣ በጥርሷ ልጣ እኩሉን ለእኔ የምታካፍል ልጅ ነበረች። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ ምግብ ቀነሰች። ፋሲካ ሆነ፣ ጾሙ ተፈታ፤ እሷ ግን አልፈታችም። ልብሷ ሰፋ፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሹራብ መልበስ ጀመረች። ጎረቤታችን «ልትመንኚ ነው እንዴ አንቺ?» እያለች ቀለደችባት። ጠበል ተወሰደች። እናቴ የምታውቀው መድኃኒት አንድ ነበር፤ ጉርሻ። «በሞቴ! አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!» ትላለች፤ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላም ሁለተኛውን ታስከትላለች። ሰናይት እንባዋ እየወረደ ትውጥና ወደ ጓሮ ትሄዳለች። እኔ ተከትያት ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆሜ የሰማሁትን ለእናቴ እነግራለሁ። «አስመለሰች» ባልኩ ቁጥር የማታው ጉርሻ ይበዛል።

ትምህርት ቤት ውስጥ ወድቃ ጤና ጣቢያ ስንወስዳት፣ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ የልቧን ምት አዳመጠች። «በዚህ ከቀጠለች ልናጣት እንችላለን» አለች። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች።

«እትዬ፣ ማዕድ ላይ ምን ይሏታል?»

«ምን እላታለሁ? በሞቴ ብይ ነዋ!»

«ለአንድ ሳምንት ምሳ ላይ ብቻ ይተዉት። እራት ላይ እንደ ልማድዎ።»

«ሳይለመን የሚበላ ማን አለ? እንግዳ እንኳ ይለመናል፣ ልጄ!»

«እሷ እንግዳ አይደለችማ።»

በዚያ ማክሰኞ ሰናይት ምንም አልበላችም። የእናቴ እጅ ግን ልማዱን አልተወም፤ እንጀራውን በሽሮ ጠቅልሎ ጉርሻ ሠራ፣ መሶቡ ላይ ቆመ፣ ተመልሶ ወደ ራሷ አፍ ገባ። ሐሙስ ዕለት ምሳ ላይ «በሞቴ» አመለጣት፤ ሰናይት ተነሥታ ወጣች። እናቴ ጤና ጣቢያ ሄዳ «አበላሸሁት» ስትል፣ ነርሷ «ሁለት ቀን ችለዋል እኮ፤ ነገ ከዚያው ይቀጥሉ» አለቻት። በሚቀጥለው ሳምንት የእራቱም ልመና ቀረ። ቀጥሎ «ከሳሽ፣ ጠቆርሽ» ማለት ቀረ። በመጨረሻ እኔን ጠርታ «ከእንግዲህ እንዳትከተያት» አለችኝ። ማዕድ ላይ ስለ ዝናብና ስለ ጎረቤት ፍየል ማውራት ጀመርን፤ አፋችን ግን አልለመደውም ነበር።

ወር ገደማ ሲሆን ሰናይት ማንም ሳይነግራት እንጀራ ቆረሰች። ሁለቴ ጎረሰች። እናቴ ወሬዋን አላቋረጠችም። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ሁለት ጊዜ አገርሽቶባታል፤ አንዴ ወልዲያ ሆስፒታል ተኝታለች።

ያን ጊዜ የሕመሙን ስም የሚያውቅ በቤታችን አልነበረም፤ መውደድም ያለ ጉርሻ የሚገለጥ አይመስለንም ነበር። ዛሬ ሰናይት ዋጃ ከተማ ታስተምራለች። አሁንም ክፉ ቀን አላት። ባለፈው እሁድ እናታችን ቤት ሦስታችን ምሳ በላን። ሰናይት ወጡ እንዳነሳት ተናገረች። እናቴ ጭልፋውን አቀበለቻት።