የይሄይስ ዳቦ ቆሎ

የአንድ ሰው ዕድሜ እንደ ዳጉሳ ቢወቃ፣ ገለባው በነፋስ ከሄደ በኋላ ስንት ቁና ፍሬ ይቀረው ይሆን? ስለ ይሄይስ የተጠየቁ እንደሆነ የአዘና ሰዎች የሚሰፍሩለት አንድ ነገር ነው፤ በአርባ ስምንት ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ብቻውን ሲበላ ያየው የለም። ደግ ልማድ ነው። ሰውን የሚገድለው ግን ሁልጊዜ ክፉ ልማድ አይደለም።

በጥቅምት፣ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ መሀል ላብ አጥምቆት ወደቀ። አረቄ ነው አሉ። እንጅባራ ወስደው ሲያስመረምሩት ሐኪሙ፣ «የስኳር በሽታ የለብህም። ሆድህ ባዶ ሲሆን ግን የደምህ ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል። መነሻውን መርምረን እስክናገኘው በየሦስት ሰዓቱ ቅመስ። መንቀጥቀጥ ሲጀምርህ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ጉረስ፤ ከዘገየህ ላትነሣ ትችላለህ» አለው። የንስሐ አባቱም እንዳይጾም ፈቀዱለት። ሚስቱ ዘውድነሽ ስኳር የበዛበት ዳቦ ቆሎ እየቋጠረች ኪሱ ትከትለት ጀመር።

ኅዳር መጨረሻ፣ የነቢያት ጾም ገብቶ፣ የጎረቤቱ የአስማረ ዳጉሳ በደቦ ይታጨዳል። ያለ ወቅቱ የመጣ ደመና በጥሊሊ በኩል ጠቁሯል። የአጫጆቹ ሰልፍ ጾመኛ ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። አምስት ሰዓት ላይ የይሄይስ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በዚያ ብርድ ላቡ ጀርባውን አራሰው። ማጭዱ አውራ ጣቱን ለጥቂት ሳተው። ኪሱ ውስጥ ያለውን ዳቦ ቆሎ ዳሰሰና እጁን ባዶውን መለሰ።

«አያ ይሄይስ፣ ዛሬ የሚታጨደው ዳጉሳው ነው ወይስ አንተ?» አለ አስማረ።

«ስኳሩ ነዋ» አለ አጠገቡ ያለው ሽባባው። «ስኳር ሲበዛ እንጂ ሲያንስ ሰው ይጥላል ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሰልፉ ሳቀ። ይሄይስም አብሮ ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ አልታዘዘውም። አስማረ ሁለት ሆኖ ታየው። ጉልበቱ ከዳውና ተንበረከከ።

አስማረ ሳቁን ዋጠ። «ኪስህ ውስጥ አይደለም እንዴ? ብላ እንጂ፣ ማን ከለከለህ?»

ይሄይስ ቋጠሮውን እንደምንም ፈትቶ ዳቦ ቆሎውን መዳፉ ላይ ዘረገፈው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ነው። እጁን ወደ አፉ ሳይሆን ወደ ሰልፉ ዘረጋ።

«እበላለሁ» አለ ምላሱ እየተሳሰረ። «አንዳችሁ ብቻ፣ አንዲት ፍሬ ብቻ፣ ከእኔ ጋር ቅመሱ።»

አስማረ ሰማዩን አየ። ሌሎቹ ማጭዳቸውን አዩ። ከዚያ ከሚንቀጠቀጥ መዳፍ አንዲት ፍሬ ያነሣለት ሰው አልተገኘም።