ኑርሀያት ዝም ስትል

ሰመራ በተማርንባቸው ዓመታት ከሰው ሀብት አስተዳደር ክፍላችን አንደኛነቱን ለማንም አሳልፌ ሰጥቼ አላውቅም። ይህን የማነሣው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ኑርሀያትን ቀና ብዬ የማያት ከምን ከፍታ ላይ ቆሜ እንደሆነ አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው።

ኑርሀያት የአዋሽ ልጅ ናት፤ አባቷ በቀድሞው የባቡር ጣቢያ ያገለገሉ አፋር ነበሩ። ገና ተማሪ ሳለች ተዳረች፤ ባሏ ሲሞትባት በመንገድ ዳር ሆቴል አልጋ እያነጠፈች ያቋረጠችውን ትምህርት በማታ ጨረሰች። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ከሁላችንም በዕድሜ ትበልጥ ነበር። ልጇን ሀምዳን አዋሽ ከእናቷ ዘንድ ትታ ነው የመጣችው። ለእረፍት በሄደች ቁጥር ሀምዳ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ «ስንት ቀን ትቆያለሽ?» እያለች ትቀበላት እንደነበር አጫውታኛለች። ሆኖም አንገቷን የደፋች ሴት አትምሰላችሁ። እኔን «ኤ ፕላስ» ብላ የሰየመችኝ እርሷ ናት፤ «ኤ ፕላስ፣ ዛሬ ደግሞ መምህሩን ምን አስተማርሽው?» እያለች በክፍሉ ሁሉ ፊት ታስቅብኝ ነበር።

በመጨረሻው ዓመት ለተግባር ልምምድ ሁለታችንም አዋሽ ወደሚገኝ አንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ተመደብን። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፍቅረማርያም ሾፌሮች አንድ በአንድ እየለቀቁበት ተቸግሮ ነበር። ምክንያቱን ለይቶ ለሚነግረው የሠራተኛ ጉዳይ ክፍሉን ክፍት ቦታ እንደሚሰጥ ገለጸልን። እኔ ቦታውን የፈለግሁት ማሸነፍ ስለምወድ ነው። ኑርሀያት ግን ሥራው ካመለጣት ከአዋሽ ርቃ ወደ ተገኘበት መሄዷ፣ ሀምዳም ያንኑ ጥያቄ እየጠየቀች ማደጓ ነው።

በዚያው ሳምንት መልቀቂያ ያስገባው ሙዓዊያ የሚባል የጭፍራ ሰው፣ ወደ ጅቡቲ ድንበር በሚወስደው የገላፊ መስመር አንጋፋው ሾፌር ነበር። ቀድሜ ቢሮ ጠራሁት። ስለ ደመወዙ፣ ስለ አለቃው፣ ስለ መኪናው ይዞታ በተማርኩት ሥርዓት አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ለሁሉም የሰጠኝ መልስ አንድ ነበር፤ ሰላም ነው፣ አላህ ይመስገን፣ በቃኝ።

ኑርሀያት ቢሮ አልጠራችውም። ከግቢው ወጥታ በቆመው ተሳቢ ጥላ ሥር አጠገቡ ተቀመጠችና በአፋርኛ ዳጉ ጀመረች፤ እኔም ተከትያት በጎኗ ተቀመጥሁ። ሰመራ ተወልጄ በማደጌ ቋንቋውን እሰማለሁ። ዳጉ የአፋር ሰው ሲገናኝ ወሬ የሚለዋወጥበት ሥርዓት ነው፤ የሰማ የራሱን ይሰጣል፣ የሰጠም አይጨምርም፣ አይቀንስም። እርሷ በመጀመሪያ የራሷን ሰጠች፤ የአዋሽ ወንዝ አሳይታ ላይ መሙላቱን፣ የገዋኔ ግጦሽ መሳሳቱን፣ በመንገድ የሰማችውን ሞትና ልደት ሁሉ። አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። ከዚያ ዝም አለች።

ያን ዝምታ እንዴት ልግለጸው? የሚጠብቅ ነው፣ ግን አይጫንም። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ዓይኗን እንኳ ሳታነሣ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። ሙዓዊያ መሬቱን ሲመለከት ቆይቶ ተራው እንደ ደረሰ ሰው መናገር ጀመረ።

አባቱ ጭፍራ ላይ ሲያርፉ እርሱ ጭነት ይዞ ገላፊ ነበር፤ ለቀብር አልደረሰም። ሲመለስ ድርጅቱ ማኅተም ያረፈበት የሐዘን መግለጫ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፎ አገኘ። ወደ ለቅሶው ግን ከቢሮው አንድም ሰው አልሄደም። ከእርሱ በፊት የለቀቁትም እንዲሁ ሐዘናቸው በግድግዳ ላይ ተለጥፎ የቀረ ነበሩ።

ኑርሀያት የሙያችንን ምስጢር ጠባቂነት አልዘነጋችም። ይህን ለአለቃው ብታደርስ ይከፋው እንደሆነ ጠየቀችው።

«ዳጉ ነው የሰጠሁሽ» አላት። «ካላደረስሽው ለምን አወራሁት?»

አቶ ፍቅረማርያም ዘንድ ገብታ የሰማችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው። እርሱ የደጋ ሰው ነው፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ክብር ይመስለው ነበር። መጀመሪያ ተከራከረ፣ ቀጥሎም ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ምን ብሎ እንደሚሄድ ጠየቀ።

«ወረቀቱን ይንቀሉትና ራስዎ ይሂዱ» አለችው። «ዘግይቼ መጣሁ ይበሏቸው። የዘገየን ሰው ውሃ ሰጥተው ያስቀምጡታል።»

ሄደ። ጭፍራ ላይ በምንጣፍ ተቀምጦ ከሙዓዊያ ዘመዶች ጋር ውሎ መጣ። ሙዓዊያ መልቀቂያውን አነሣ፤ ሌሎች ሁለት የለቀቁ ሾፌሮችም ወሬው በየመንገዱ ደርሷቸው ተመለሱ።

ክፍት ቦታው ለኑርሀያት ተሰጠ። በሕይወቴ ሁለተኛ የወጣሁት ያን ዕለት ብቻ ነው፤ አንደኛዋ ማን እንደሆነች አይቻለሁና ቅር አላለኝም።

ማምሻውን ጣቢያው አጠገብ ወዳለው ቤታቸው አብሬያት ሄድሁ። ሀምዳ ልምምዱ ማለቁን ሰምታ ነበርና እንደ ልማዷ ከደጃፉ ላይ ቆማ፣ «ስንት ቀን ትቆያለሽ?» አለቻት።

ኑርሀያት ጎንበስ ብላ የልጅቷን ፀጉር ደባበሰች።

«ሰመራ ለምርቃቴ ሄጄ እመለሳለሁ» አለቻት። «ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ትቆያለሽ እያልኩ የምጠይቅሽ እኔ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ።»

ሀምዳ ወደ እኔ ዞር አለች፤ እውነት መሆኑን ከሌላ ሰው መስማት ፈለገች።

«እውነት ነው» አልኳት። «አልጨመረችም።»