መመሪያው ያለበት ጉብታ

ዛሬ ከሰዓት አንዲት እናት ልጇ በሕይወት እያለ ሲለቀስለት ሰማች።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ጤና ጣቢያችን ከደባርቅ ወዲያ ገጠር ውስጥ ነው። ሕፃኑ ሲወለድ በቅጡ አልተነፈሰም። አዲሱን የኦክስጅን ማሽን ብከፍተው ቀይ መብራት እያበራ ይጮኻል እንጂ አየር አይሰጥም።

የድሮው ማሽን መመሪያ በሲባጎ ታስሮ ምስማር ላይ ይንጠለጠል ነበር። የአዲሱ ኢንተርኔት ላይ ነው ተባልን። ኢንተርኔት ደግሞ የሚገኘው ከላይ ጉብታው ላይ ብቻ ነው። (የማሽኑ ፋብሪካ ይህን ጉብታ መቼ አይቶት።)

እኔ ለሕፃኑ በእጄ አየር እየነፋሁ ነበር። ፋርማሲስታችን ስልኩን ይዞ ወጣና ያነበበውን ቁልቁል ይጮኽልኝ ጀመር። "ከኋላ ክፈቺው፤ ማጣሪያው ላይ የተለጠፈ ላስቲክ አለ፣ ንቀይው።"

እዚያ ጉብታ ላይ የሚጮኸው ግን ሰው ሲሞት ነው። የመንደሩ ሴቶች ቃሉን እንኳ ሳይለዩ እያለቀሱ መጡ።

እናትየው አልጋዋ ላይ ሆና ሰማቻቸው። "ሲስተር፣ ልጄ ሞተ አይደል?" አለችኝ።

እኔም አላወቅኩም።

በአንድ እጄ ላስቲኩን ገነጠልኩት፤ ማሽኑ ጩኸቱን ትቶ አየር መስጠት ጀመረ። ሕፃኑ ቀስ በቀስ ቀላ፣ ከዚያ አለቀሰ። ደጅ ያለው ልቅሶ ቀጥ አለ።

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የመጡ አንዲት አሮጊት በበሩ ብቅ ብለው የጩኸቱን ምክንያት ሲሰሙ፣ "ልጄ፣ ያን የመመሪያ መጽሐፍ ወደ ምስማሩ መልሱት" አሉኝ።

ኔትወርክ የሌለበት የምትሠሩ ጓደኞቼ፣ የእናንተስ መመሪያ የት ነው ያለው? እስቲ ንገሩኝ።

እኔ ይህን የምጽፈው እዚያው ጉብታ ላይ ቆሜ ነው፤ ድምፄን አጥፍቼ።