ከውጪ የተበየደው መቀርቀሪያ

በያጁን ሰፈሩ ሁሉ ብልጭታ ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። በዚያች በጠባብ ሱቁ ብረት ሲቆርጥ፣ ሲበይድ፣ ሲሞርድ ይውላል። በር ላይ ቆመው ቢጠሩት አይሰማም፤ ቢሰማም «ቆይ እቺን ልጨርስ» ነው መልሱ። ያቺ «እቺ» ደግሞ አታልቅም። እሱ የሰቀለው በር ግን አይጮህም፣ አይጎብጥም፣ አንዴ ከገጠመ ገጠመ ነው። ይህንንም የሚናገረው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው እስኪያመሰግነው የሚጠብቅበት ትዕግሥት ከየት ይምጣ!

እሑድ እሑድ የዓሣ ዘንጉን ይዞ ከሚስቱ ወንድም ጋር ወደ ሐይቁ ይወርዳል። የሚስቱ ወንድም ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪና ሲረግጥ ኖሮ ጉልበቱ አልቋል፣ ምላሱ ግን አላለቀም። ሁለቱ ከብልጭታ ሠርግ ማግስት ጀምሮ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሲነታረኩ ነው ያረጁት። ብልጭታ ሳምንቱን ሙሉ የሚለፋው ለዚያች ለእሑዷ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ምን ይሁን? ከሐይቁ ዳር ያለውን ቤት አንድ ባለፋርማሲ ገዛው። ከአስፋልቱ ወደ ውሃው የምትወርደው የአጥማጆቹ መንገድ በግቢው መሃል ነው የምታልፈው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሰውየው ክፉ አይደለም። አንድ ቀን ትንሿ ልጁ ሣር ላይ ስትሮጥ የተጣለ መንጠቆ እግሯ ውስጥ ገባ። አባትየው ራሱ አወጣላት። እሷ በማግስቱ ረሳችው፤ እሱ ግን አልረሳም። «ከእንግዲህ ማንም በዚህ አያልፍም!» አለ፤ አለቀ።

ከዚያ ወደ ብልጭታ ሱቅ መጣና «የብረት አጥርና አንድ በር እፈልጋለሁ» አለው። ብልጭታ የት እንደሆነ እንኳን ሳይጠይቅ እጁን ዘርግቶ ጨበጠው። ሊለካ ሲሄድ ነው ጉዱን ያየው። ክው አለ! አጥሩ ከሚቆምበት ማዶ፣ ውሃው ዳር የሚታየው የራሱ ድንጋይ ነው። ቃሉን ማጠፍ ደግሞ ሞቱ ነው። «እኔ ብተወው ሌላው ይሠራዋል፤ ያውም አበላሽቶ» ብሎ ራሱን አሳመነና ሥራውን ጀመረ።

የመጨረሻውን ብረት ሲበይድ ልብስ ሰፊው መጥቶ ከወዲያ ማዶ ቆመ።   ትንሽ አየውና አነከስ አነከስ እያለ ሄደ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ኩርፊያ ሆነ። ኩርፊያውም ዓይነት አለው! ልብስ ሰፊው እህቱን ሊጠይቅ ይመጣል፣ ማዕድ ይቀርባል፣ ብልጭታ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሳለ «ባልሽን ጨው አቀብለኝ በይው» ይላል። እሷም «ወንድሜ ጨው አቀብለኝ ብሏል» ትላለች። ብልጭታም «ጨዋታዬንስ መቼ ነው የሚቀበለኝ በይው» ይላል። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ጨዋታውም ጨውም ይቅርብኝ ብላ ተነሥታ ሄደች።

አጥማጆቹ አሁን በሸምበቆው ዞረው፣ ጭቃ እስከ ጉልበታቸው እየዋጣቸው ነው ውሃው ዳር የሚደርሱት። ልብስ ሰፊው በዚያ ጉልበቱ!  ብልጭታማ ጭራሽ ቀረ። በምን ፊቱ ይሂድ? እሑድ ሱቁን ከፍቶ ሞረዱን ይዞ፣ መሞረድ የማያስፈልገውን ሁሉ ሲሞርድ ይውላል።

እንዲህ እያለ አንድ እሑድ ስልኩ ጮኸ። ባለፋርማሲው ነው፤ ድምፁ ሱቁን ሊያፈርስ ደርሷል። «አሁኑኑ ና! መሣሪያህን ይዘህ ና!»

ብልጭታ መበየጃውን በጋሪ አስጭኖ በላብ ተጠምቆ ደረሰ። ባለፋርማሲው በቁምጣ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ የገዛ በሩን እየነቀነቀ ቆሟል። በሩ አይከፈትም። መቀርቀሪያው በውሃው በኩል ነው፤ ብረቶቹም እጅ አያሾልኩም! አጥማጆቹ ከወዲያ ሆነው ቀርቅረውት ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል።

«ሁለት እሑድ ሙሉ!» አለ ባለፋርማሲው። «ሁለት እሑድ ውሃዬ ዘንድ ለመውረድ እነዚህን ሰዎች ‹ክፈቱልኝ› ብዬ ስለምን! ‹ማን ልበል?› ይሉኛል! በገዛ ቤቴ!»

«ሥርዓት ነው ዶክተር» አለ አንዱ አጥማጅ ሳይዞር። «ዝም ብለን ለማናውቀው ሰው እንከፍታለን እንዴ?»

ብልጭታ መቀርቀሪያውን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። በዕድሜው እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቶ አያውቅም። አጥማጆቹ ግን ሲያዩት ብድግ ብድግ አሉ። «ብልጭታ! የኛ ሰው! አንተ ተንኮለኛ!» እያሉ አጨበጨቡ። ልብስ ሰፊው ሳይቀር ጥርሱን ብልጭ አደረገ፤ ከአጥሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ባለፋርማሲው ጣቱን ቀሰረ። «ንገረኝ! ሆን ብለህ ነው አይደል?»

አይ ብልጭታ! አንዲት ጥቅሻ ብቻ ነበረች የሚያስፈልገው። አንዴ ቢጠቅስ ድንጋዩም፣ እሑዱም፣ የሚስቱ ወንድምም ተመልሰውለት ነበር። ዓይኑ ግን እምቢ አለው።

«አይደለም» አለ። «ተሳስቼ ነው።»

አጨብጫቢው ሁሉ እጁን ሰበሰበ።

«በልጆቼ እምላለሁ ተሳስቼ ነው፣ ዶክተር። ይቺን ቦታ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቃት ከውሃው በኩል ቆሜ ነው። መቀርቀሪያውን ስይዝ እጄ ወደለመደበት ሄደ። ከግቢው በኩል ሰው ቆሞ ይከፍታል ብዬ አላሰብኩም። እንዲህ ዓይነት ሥራ ከእኔ እጅ በመውጣቱ አፍራለሁ።»

«አንተም አጥማጅ ነህ?» አለ ባለፋርማሲው ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ነበርኩ። አጥሩን ከሠራሁ ወዲህ ግን የት ብዬ ልምጣ?»

ባለፋርማሲው በሩን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ ከዚያ ሳቅ አመለጠው። በቁምጣ ቆሞ ብዙ መቆጣት አይቻልም። «ጉድ እኮ ነው! ራሱን ውጪ ዘግቶ ያስቀረ ሰው በመጨረሻ እኔንም ውስጥ ቆለፈኝ!» አለ። ከዚያ ኮስተር ብሎ ወደ አጥማጆቹ ዞረ። «መንገዱን እምቢ ያልኩት ወድጄ አይደለም። የተጣለ መንጠቆ የልጄ እግር ውስጥ ገብቶ ነው።»

ይህን ጊዜ ልብስ ሰፊው እያነከሰ ወደ አጥሩ ቀረበ። ምላሱን ለአንዴ አለሰለሰው። «የልጅትዋን ነገር አልሰማንም ነበር። ጥፋቱ የኛ ነው። ሱቄ ውስጥ የወደቀ መርፌ የምለቅምበት ማግኔት አለኝ። እሑድ እሑድ ስንሄድ ሣሩን በሱ እዳብሰዋለሁ። አንድ መንጠቆ ቢገኝ መንገዱን ዝጋው፤ አንከራከርህም።»

ባለፋርማሲው ትንሽ አሰበና «እሑድ ብቻ» አለ። ለብልጭታም «ከውስጥም አንድ መቀርቀሪያ በይድልኝ። የውጪውን ተወው፤ ስትሄዱ እናንተ ዝጉት» አለው።

ብልጭታ መነጽሩን አጥልቆ አጎንብሶ በየደ። እንደዚያ ተጠንቅቆ የሠራው መቀርቀሪያ የለም፤ በየትኛው በኩል እንደቆመ ደጋግሞ እያየ ነው የሠራው። ሲጨርስ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ መሣሪያውን መሰብሰብ ጀመረ። ጓደኞቹ ጀርባቸውን ሰጥተውታል፤ ተንኮለኛ ነው ብለው ሲወዱት፣ አይደለሁም ብሎ እኮ አሳፈራቸው። ጋሪውን ይዞ ወደ አስፋልቱ ዞረ።

«አንተ ሰውዬ!» አለ ልብስ ሰፊው ከኋላው።

ብልጭታ ባለበት ቆመ።

«ሆን ብለህ ብታደርገው ኖሮ ተንኮል ብቻ ይሆን ነበር። አንተ ስትከዳን እጅህ አልከዳንም፤ እጅህ ካንተ ይሻላል። በል እጅህ ይምጣና እዚህ ይቀመጥ። አንተም ተከተለው።»

ብልጭታ ጋሪውን መንገዱ መሃል ጥሎት ወረደ።  የሚስቱ ወንድም ድንጋዩ ላይ ፈቀቅ አለለት፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ዘንግ ስላልያዘም የሱን ዘንግ ተቀብሎ መንጠቆውን ውሃው ውስጥ ጣለ።