የተቀቀለው የሳይንስ ሥራ

ልጄ ቤት ውስጥ ምላሷ ጤፍ ይቆላል። ጠዋት ጫማዋን ሳስርላት የጀመረችውን ወሬ ማታ ትራሷ ላይ ሆና ነው የምትጨርሰው፣ ያውም ካስጨረስኳት። ስለዚህ አስተማሪዋ በር ላይ ጠብቃኝ፣ ድምፇን ዝቅ አድርጋ፣ "ልጅሽ መናገር ትችላለች?" ብላ ስትጠይቀኝ የሌላ ልጅ እናት የጠራች መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

"ሚስ፣ የኔዋን ነው?"

"ያንቺዋን። ትምህርት ከጀመርን አንድ ቃል አልሰማኋትም። ትጽፋለች፣ ትስላለች፣ የምለው ሁሉ ይገባታል። ስጠይቃት ግን አትመልስም። ቤት ታወራለች?"

"ታወራለች? ኸላስ፣ በቃሽ እያልኩ እኮ ነው የማስተኛት!"

አንገቷን ነቀነቀች፣ እንዳላመነችኝ ግን ከፊቷ አወቅሁ። እናት ስለ ልጇ ሌላ ምን ትላለች ብላ ይሆናል።

ያኔ አረብ አገር፣ ቡርጅ ኤል ባራጅነህ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እኔ በየቀኑ ባዳሮ የሚባል ሰፈር እየሄድኩ የሰው ቤት አጸዳለሁ። አባቷ ወደ አገሩ ከተመለሰ ቆይቷል፣ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልናገርም። ትምህርት ቤቱን በጎ ሰዎች ናቸው የከፈቱት፤ የኛን፣ የሱዳኖችንና የሶሪያዎችን ልጆች ሰብስበው፣ አንድ ፎቅ ላይ አፓርታማ ተከራይተው ያስተምራሉ። ሌላ የሚቀበላት ቦታ አልነበረም፤ ስንቱን በር አንኳኩቼ ነው የማውቀው። ዓመቱም እንደሆነ ከመጀመሪያው ጠማማ ነበር። ትምህርት ተጀመረ ሲባል ሕዝቡ መንግሥቱን ተቃውሞ አደባባይ ወጣ፣ መንገዱ በጎማ ጭስ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሌላውን ሳምንት ሲዘጋ ከረመ። አስተማሪዋም የልጄን ዝምታ የግርግሩ ድንጋጤ አድርጋ ታግሣ ነበር።

የዚያ አገር ክረምት፣ ብርዱ፣ ሲጋመስ ግን ሙዲራዋ፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ማለቴ ነው፣ ቢሮዋ አስጠራችኝ። ሻይ አቀረበችልኝ። ልጅቷ ምናልባት ልዩ እርዳታ ያስፈልጋት ይሆናል፣ እኛ ደግሞ ለዚያ የሚሆን አስተማሪ የለንም አለችኝ። በቅርቡ የሳይንስ ቀን አለ፣ እያንዳንዱ ልጅ የሠራውን ይዞ በወላጅ ፊት ያስረዳል፤ "ያን ቀን እንሰማታለን። ካልተናገረች ግን ሌላ ቦታ ብትፈልጊላት ይሻላል፣ ያኒ ለሷው ብለን ነው።" ስወጣም መርሲ ብላ አመስግና በሩን ከፈተችልኝ። ብትጮህብኝ እኔም እጮህ ነበር። ትሕትናዋ ነው የገደለኝ።

ቤት ስንገባ ልጄን አልጋው ላይ አስቀምጬ መረመርኳት። ለምን አትናገሪም? የሚመታሽ አለ? የሚሰድብሽ አለ? ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ከረሜላ አሳየሁ። ያቺ ስለ ድመቱም፣ ስለ ጄነሬተሩም፣ ስለ ጎረቤት ጸብም የምታወራ ልጅ ትከሻዋን ነቅንቃ የሹራቧን ክር ትመዝ ጀመር። ቆሽቴ አረረ። ከትምህርት ቤቱ ሁሉ የምትወደው ሙዚቃ እንደሆነ አውቃለሁ። አስተማሪዋ በትንሿ ኦርጋን እየመታች የምታዘምራቸውን ሁሉ ቤት መጥታ እስከ መጨረሻው ትዘፍንልኛለች። እዚያ ግን ስንከታተላት ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው አሉኝ።

አንዲት ደባል አለችኝ፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ልጄ አክስቴ ትላታለች። ሳምንቱን ጃል ኤል ዲብ በሚባል ሰፈር አሠሪዋ፣ ማዳሟ ቤት ታድራለች፣ ቅዳሜ ማታ ትመጣለች፣ እሁድ በኪራይ አዳራሽ ከጴንጤ ጓደኞቿ ጋር ስታመልክ ትውላለች። እኔ የወሎ እስላም ነኝ። ልጄ ከሷ መዝሙር፣ ከኔ መንዙማ እየቀዳች ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ታስነካዋለች፣ እኛም አንዳችን ለአንዳችን አንከፋም። ነገሩን ባወራኋት ጊዜ ደባሌ፣ "ተያት እስቲ፣ ዝም አይነቅዝም" አለችኝ።

"ይነቅዛል!" አልኳት። "የኔ ልጅ ዝምታ ይኸው እየነቀዘ ነው!"

ለሳይንስ ቀን የተሰጣት ሥራ ባቄላ ማብቀል ነበር። እርጥብ ጥጥ፣ ሦስት ፍሬ ባቄላ፣ አንድ ብርጭቆ፣ አለቀ። ለሦስት ፍሬ ብዬ ግን ባለ ሱቁ ፊት መቆም አላስቻለኝምና አንድ ኪሎ ገዛሁ። ልጄ ኪሎውን ሁሉ ውኃ ውስጥ አሳደረችው። ከዚያ ትልቁን የምግብ ትሪ ከኔ ነጥቃ፣ ጥጥ አንጥፋ፣ ባቄላውን እንደ ሰልፈኛ ደረደረችበት። ጠዋትና ማታ በማንኪያ ታጠጣለች። ደግሞ አንዳንዱን ፍሬ ገልብጣ ታስተኛውና ጭንቅላቷን ትሪው ላይ ደፍታ ታየዋለች። ሥሩ ብቅ ሲል እንደ አራስ ልጅ ሰላም እደሩ እያለች ነበር የምትተኛው። ለሚያሸንፉት የሚሰጥ ነገር አልነበረም፤ ለሁሉም ግን ከሳይንስ ቀን በኋላ በአውቶቡስ ተራራ ወጥተው በረዶ እንደሚያዩ ተነግሯቸዋል። "እኔም እሄዳለሁ አይደል?" ትለኛለች። ኢንሻላህ እላለሁ፣ ሆዴ ግን ይፈራል።

የሳይንስ ቀኑ ሰኞ ነበር። እሁድ ዕለት ባሕር ዳርቻ ይዣት ወጣሁ፣ እግረ መንገዳችንን የምትናገረውን እንድንለማመድ። ባዶውን ባሕር እያየች ምንም ሳትሳሳት በአረብኛ ለቀቀችው። ደስ ብሎኝ ተመለስን። በሩን ስከፍት ክፍሉ በቅመም ሽታ ታፍኗል።

ያን ሰሞን የደባሌ ማዳም እንግዳ ስለነበረባት ቅዳሜ አልለቀቀቻትም፤ እሁድ ከአምልኮ በቀጥታ ተርባ መጣች። መስኮቱ ሥር ምን ታገኛለች? ትሪ ሙሉ፣ ሥሩ ልክ እስከ ልኩ የወጣ በቆልት። ይህን ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የኛ ሰው ባቄላ ውኃ ጠጥቶ ጭራ ሲያወጣ ካየ ድስት እንጂ ሳይንስ አይታየውም። አጥባ፣ ቀቅላ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሳ፣ ጎድጓዳ ሰሃን ይዛ አልጋው ላይ ተደላድላለች።

"ኑ፣ ኑ! እጅሽ ይባረክ፣ ከስንት ዓመቴ በቆልት በላሁ!" አለችን አፏ እንደሞላ።

"ልጅቷ ናት ያበቀለችው" አልኩ።

"እሰይ! ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፣ ይኸው በቃን!"

ልጄ ትሪውን አየች። ሰሃኑን አየች። አልጮኸችም። ጥግ ሄዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቁጭ አለች፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ነገሩን ስነግራት ደባሌ ያላመጠችው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ያን ማታ በንዴት ያልኳትን እዚህ አልጽፈውም። እሷም "ነገ አብሬያችሁ እሄዳለሁ" ብቻ አለች። ለማዳሟም ደውላ ሆዴን አሞኛል አለች። "እንዴት ትዋሺያለሽ?" ብላት፣ "ምን ዋሸሁ፣ ይኸው ነፍቶኝ የለ" አለችኝ።

ሌላ ባቄላ ለማብቀል ጊዜ የለም። ጠዋት የተረፈውን በቆልት ሰሃን ላይ አድርገን፣ ክዳን ደፍተንበት ሄድን። ከልጆቹ አንዷ አረፋ የሚተፋ እሳተ ገሞራ ሠርታለች፣ ሌላው አምፖል በባትሪ ያበራል። የኛ ጠረጴዛ ላይ ንፍሮ። ልጆቹ በኦርጋኑ ታጅበው የመክፈቻ መዝሙር ዘመሩ፤ የልጄን ከንፈር አየሁት፣ ይከፈታል፣ ይገጠማል። ከዚያ ሙዲራዋ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተዘዋወረች መጥታ እኛ ጋ ቆመች። ክዳኑን አነሳች።

"ሐቢብቲ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

ልጄ ጫማዋን ታያለች። አስተማሪዋ ጎንበስ ብላ በለሆሳስ ጠየቀቻት። ምንም። ሙዲራዋ በዚያ በትሕትናዋ ፈገግ ብላ ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ ልትዞር ስትል ደባሌ ከኋላዬ ወጥታ ፊቷ ተገተረች።

"እኔ ላስረዳ" አለች በዚያ ስብርባሪ አረብኛዋ። "ይኼ ፉል ነው። ውኃ ሲያገኝ መጀመሪያ ቅጠል ያወጣል። ከዚያ ሥሩ ወደ ላይ፣ ወደ ፀሐይ ይሄዳል። ከዚያ..."

"ላ!"

የጮኸው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሁሉም ዞረ። ልጄ ፊቷ ቀልቷል።

"ላ፣ አክስቴ፣ እንደሱ አይደለም! መጀመሪያ ሥሩ ነው! ሥሩ ወደ ታች ነው የሚሄደው! እኔ ገለበጥኩት፣ ፍሬውን ገለበጥኩት፣ ሥሩ ግን ተጠማዞ ወደ ታች ሄደ! ደግሜ ገለበጥኩት፣ ደግሞ ተጠማዘዘ!" አረብኛው እንደ ወንዝ ወረደ። ስለ ጥጡ ተናገረች፣ ስለ ማንኪያው፣ ስለ ሽታው። በመጨረሻ ጣቷን ደባሌ ላይ ቀስራ፣ "ከዚያ እሷ ቀቀለችው!" አለች።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሙዲራዋ ዓይኗን እየጠረገች አንድ ፍሬ አንስታ ቀመሰች፣ ሎሚ የለም እንዴ ብላ ጠየቀች። አስተማሪዋ አልሳቀችም፤ ልጄን ብቻ ነበር የምታየው፣ ከዚያ እኔን አየችኝና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ደባሌ ያን ስታስረዳ አውቃ ይሁን ሳታውቅ ዛሬም ድረስ አልነገረችኝም። ገበሬ ቤት አድጋ ሥር ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቷት ነው ብዬ ግን አላምንም።

ሙዲራዋ ትቀጥል አለች። ደባሌ በቫን ወደ ማዳሟ ሮጠች፣ እኔና ልጄ እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደ ቤት ሄድን። የተንጠለጠለው የመብራት ገመድ ሥር፣ በሞተር ሳይክሎቹ መሃል እየተሽሎከሎክን እሷ ታወራለች፤ እኔ ደስታዬ አላስችል አለኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ቆሽቴን አሳረርሽው እኮ! እስከ ዛሬ ለምን ነው ዝም ያልሽው?"

"ማዳም እንዳትሰማ ነዋ።"

"የቷ ማዳም?"

"የቤቱ ማዳም።"

ገርሟት ቀና ብላ አየችኝ፣ የማላውቅ መምሰሌ ገርሟት። ያኔ ነው የገባኝ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ይዣት ነው ሥራ የምገባው። ባለቤቶቹ እሺ የሚሉኝ ድምፇ ካልተሰማ ነው፤ ኩሽና አስቀምጫት፣ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ፣ ማዳም እንዳትሰማ እላታለሁ። ፎቅ፣ ደወል ያለው በር፣ የሚያብረቀርቅ ወለል፣ ኩሽና፣ በረንዳ፣ ያማረባት ሴትዮ የምታዝበት ቤት። ትምህርት ቤቱም ያው አፓርታማ ነው። እኔ ሌላ ሥራ ያገኘሁ መስሏት፣ እሷን እዚያ እያስቀመጥኩ ሌላ ክፍል የማጸዳ መስሏት፣ እንጀራዬን ላለማበላሸት አፏን ይዛ ከርማለች።

"ሌሎቹ ልጆች ግን ይጮሃሉ እኮ" አልኳት።

"ባለጌዎች ናቸው ብዬ ነበር" አለች።

የአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ጥፋተኛ ነኝ አልልም፤ ልጄን ይዤ የምሠራበት ሌላ መንገድ ቢኖር አሳዩኝ። ግን እኔ ስፈራላት እሷ ለኔ ስትጠነቀቅ መክረሟን ሳስብ፣ ያቺን የምታህል ልጅ፣ አለቀስኩ። እሷ ደግሞ በቆልቱን አስታውሼ ያለቀስኩ መስሏት፣ ሌላ አበቅልልሻለሁ እያለች እንባዬን በሹራቧ ጠረገችው።

ያ ዓለምን ያዳረሰው በሽታ መጥቶ ትምህርት ቤቱን ሁሉ ከመዝጋቱ በፊት የበረዶው ጉዞ ደረሰልን። የምትመጣ እናት ካለች ትምጣ ተባለ፣ እኔም ከባዳሮዋ ማዳሜ ቀን ለምኜ ሄድኩ። አውቶቡሱ ውስጥ ልጆቹ ሽቅብ እስክንወጣ ዘመሩ። ሐጂዙ፣ ኬላው ጋ ስንደርስ፣ ወታደሩ የመኖሪያ ወረቀት ይጠይቅ ይሆን ብዬ እንደ ልማዴ ትንፋሼን ዋጥኩ፤ እሱ ግን ልጆቹ ሲዘምሩ አይቶ በእጁ እለፉ አለን። ከሁሉ በላይ የሚሰማው የልጄ ድምፅ ነበር። ያማረ ነው አልልም፣ ከፍ ያለ ግን ነው። አስተማሪዋ ዞራ፣ "ይቺ ናት አትናገርም ያልኩሽ?" አለችኝ።

በረዶ ለኔ አዲስ አይደለም፣ ወሎ ቆርቆሮ ሲደበድብ አውቀዋለሁ። እንዲህ ዝም ብሎ ተራራ አልብሶ የተኛ ግን አላየሁም ነበር። ልጆቹ ሽቅብ ሮጡ። እኔ በስስ ጫማዬ ታች ቀረሁ፣ ከማላውቃቸው የሽርሽር ሰዎች መሃል፣ ፀጉራቸው ከተሠራ፣ መነጽር ካደረጉ ማዳሞች አጠገብ።

"እማዬ!"

ከላይ ነው። "እማዬ! ነይ! ነይ እንንሸራተት!" በአማርኛ፣ ባለ በሌለ ድምፇ። ሰው ቤት እማዬ ብላኝ አታውቅም፤ ስትፈልገኝ ልብሴን ነው የምትጎትተው። ማን ሰማን ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም ሰምቷል። መነጽር ያደረገችው ሴትዮ ሳትቀር ወደ ላይ እያየች ነው።

"ወዬ" አልኩ። ለራሴም አልተሰማኝም። ሐዲር ማዳም፣ እሺ እመቤቴ፣ ስል የኖርኩበት ያ ቀጭን ድምፅ ነው የወጣው።

"እማዬ! አትሰሚም?"

ቀሚሴን ሰበሰብኩ፣ ደረቴን በብርዱ ሞላሁት። "ወዬ! መጣሁልሽ!" ብዬ ጮህኩ፣ እየጮህኩም ሽቅብ ሮጥኩ።