ለአውሮፕላን የተላኩ ሽማግሎች

ግዛቸው ወፍጮ ቤቱን የሚዘጋው እሑድ ብቻ ነው። ቅዳሴ ሲያልቅ ታዲያ ወደ ቤቱ የሚሄድ እንዳይመስላችሁ! ከአሰላ ዳር፣ እትዬ ተናኘወርቅ ማሳ ውስጥ፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የጦር አውሮፕላን አለ፤ እሱ ላይ ወጥቶ ጉብ ይላል። አግብቶ አሰላ እስኪገባ ድረስ ደብረ ዘይት የአውሮፕላን ሞተር ሲወለውል የኖረ ሰው ነው። ሚስቱ የሺሃረግ «ጣውንቴ ጋ ሄደ» እያለች ጎረቤቱን ታስቃለች። እሱ ምን ገዶት! ቡሎኑን ዘይት ይቀባል፣ የዶሮ ኩሱን ይጠርጋል። አንድ ቀን መንግሥት መጥቶ ይህን የመሰለ ዕቃ በክብር ያስቀምጠዋል ብሎ ያምናል።

በዐሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል እንዳለፈ፣ ጉድ መጣ። ከናዝሬት የመጣ ብረት ድስት ሠሪ አውሮፕላኑን በመጥረቢያ ፈልጦ፣ አቅልጦ ለእትዬ ተናኘወርቅ የማኅበር ድስት ሊሠራላቸው፣ የተረፈውን ብረት ለራሱ ሊወስድ ተስማማ።

ግዛቸው እህል አልበላ አለው። ቢጨንቀው ልጃገረድ እንደሚጠይቅ ሰው ሽማግሌ ላከ። አቶ ወልደአማኑኤልና ሼህ ጅብሪል ጋቢያቸውን አጣፍተው እትዬ ተናኘወርቅ ደጃፍ ቆሙ። ላኪ አብሮ አይገባምና እሱ አጥር ሥር ተሸሸገ።

«ግቡ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል?» አሉ እትዬ ተናኘወርቅ።

«እሺ ካላሉን አንቀመጥም፤» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል። «አውሮፕላኑን ለግዛቸው እንዲተዉለት ነው የመጣነው።»

ሴትዮዋ ሳቃቸው መጣ። «አይ ዘመን! ለብረት ሽማግሌ ይላካል?» ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «በጣሊያን ጊዜ ወንድሜን በቦምብ ያነደደው ይኸ ነው። የምቀብረው ሬሳ እንኳ አላገኘሁም። በዚህ ብረት ወጥ ሠርቼ ሰው ካላበላሁበት አንጀቴ አይርስም።»

«ይኸኛው ላይሆን ይችላል እኮ፤» አሉ ሼህ ጅብሪል ቀስ ብለው።

«እሱ ካልሆነ የሱ የአውሮፕላኑ ወንድም ነዋ!»

ግዛቸው አጥር ሥር ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ያን ሁሉ እሑድ እሳቸው ዓይን ፊት፣ እዚያ ላይ ጉብ ብሎ ሲያፏጭ! ነውሩንም ይሉኝታውንም ረስቶ ዘው ብሎ ገባ።

«ምነው ሰውዬ! ታዲያ እኛን ምን አስለፋን?» ብለው አቶ ወልደአማኑኤል ጮኹበት።

«እትዬ፣ በመጥረቢያ አያስፈልጡት፤» አለ ግዛቸው። «እኔው ራሴ እፈታዋለሁ።»

ፈታውም። ክንፉን ሲያወርድ እንባው እየወረደ፣ አፉ እየተሳደበ። ድስት ሠሪው «ምነው፣ ዘመድ ሞተብህ እንዴ?» ቢለው «አርፈህ ያዝ!» አለው።

የማኅበሩ ዕለት ወጡ በአዲሱ ድስት ቀረበ። እትዬ ተናኘወርቅ የመጀመሪያውን ጭልፋ ለግዛቸው አወጡለትና ቆመው ጠበቁ። ግዛቸው ድስቱን አየ። ቀና ብሎ እሳቸውን አየ። ጎረሰ፤ እንደምንም ዋጠው።

«እትዬ፣ የወንድምዎ ስም ማን ነበር?»

«መርሻ፤» አሉና አጠገቡ ተቀመጡ። «ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ካልፈታታሁ የሚል፣ እንዳንተው ያለ ጉደኛ ነበር።»