በረዶውን ያሻገረን ሰው

ስለ ደርግ ዘመን የሚጽፍ ሁሉ ክፉውን ሰው ገና ከመጀመሪያው ገጽ ጥርሱን ያስፋጨዋል። ለአንባቢ ይመቻል፤ ማንን መጥላት እንዳለበት ወዲያው ያውቃል። እኔን የገጠመኝ ግን እንደዚያ ያለ ሰው አልነበረም። የእኔው ሰው ደግ ነበር። እስከ ዛሬ የምጠላውም ለዚሁ ነው።

ናዝሬት ውስጥ አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ኃላፊያችን ከአንድ ወዳጅ የሶሻሊስት አገር ተምሮ የመጣ፣ ካኪውን ሳያስተኩስ የማይለብስ ሰው ነው። ከተማረው ሁሉ አዘውትሮ የሚያወራን ስለ በረዶ ነበር። እዚያ ሳለ እስከ ጉልበት በሚደርስ በረዶ ውስጥ ፒክአፕ ነድቷል። "እንደ ጥጥ ነው። ሲወርድ ድምፅ እንኳ የለውም" ይለናል። ሾፌሮቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ አፋቸውን ይይዛሉ። እነሱ የሚያውቁት በረዶ ቆርቆሮ የሚበሳ፣ ፍየል የሚገድል፣ ፀሐይ ስትወጣ የሚጠፋ ነው። በአማርኛ የእኛው ሰማይ የሚያወርደው ጠጠርም፣ የነጮቹ ሰማይ የሚያወርደው ጥጥም፣ ቡና ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውም ስሙ አንድ ነው። ስለዚህ ሰውየው ባወራ ቁጥር ሾፌሮቹ የሚታያቸው በድንጋይ እየተደበደበ ጥጥ ነው የሚል እብድ ነበር። ዞር ሲል "ጓድ ጥጥ" ይሉታል።

አንድ ቀን ኃላፊው፣ አንድ ሾፌርና እኔ ሦስታችን አንድ ጋቢና ውስጥ ተጣበን ከኢተያ በላይ ላለ የገበሬዎች ማኅበር ዘር ልናደርስ ወጣን። መሪው ላይ ያለው ሾፌር ከሁለታችንም በዕድሜ ይበልጣል። እኩልነት ታውጆ ስለነበር ኃላፊው ሽማግሌውን "አንተ" ይለዋል፤ ሽማግሌው ደግሞ ኃላፊውን "እርስዎ" ይለዋል። የሾፌሩ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ነበር። መኪኖቹ ከናዝሬት የሚነሱት የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። አባትየው ከጉዞው እንዲቀር ለምኖ፣ ሌላ ሾፌር የለም ተብሎ ነው የመጣው።

"ጓድ፣ ላስቸግርዎት ነው" አለ መልካሳን እንዳለፍን።

"ስለ ልጅህ ከሆነ ተነጋግረናል" አለ ኃላፊው።

"ወንድ ልጅ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።"

"ለእናት አገሩ እኮ ነው የሚሄደው! ልትኮራ ይገባሃል።"

"ኮርቻለሁ ጓድ። ኮርቼም ይቅርልኝ ነው የምለው።"

ኃላፊው ከልቡ ሳቀ። ቀልድ ይወዳል። "በጊዜ መልሼህ ትሰናበተዋለህ፤ ቃሌ ነው" አለው።

ሽማግሌው የሚለምነው በከንቱ አልነበረም። ኃላፊው የምልመላው ኮሚቴ አባል ነው። የአንድ ሆቴል ባለቤት ልጅ ድንገት አስም እንደያዘው፣ የአንድ ካድሬ የወንድም ልጅ ደግሞ ባንድ ሳምንት ውስጥ ዕድሜው እንዳነሰ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው ከኮሚቴው የአንድ ሰው አንድ ቃል ነበር።

ዘሩን አራግፈን ልንመለስ ስንል ሰማዩ ጠቆረና በረዶው ወረደ። የማኅበሩ መጋዘን ጥግ ተጠልለን ጆሯችን እስኪደነቁር ቆየን። ሲያባራ አገሩ ነጭ ሆኗል። ጎርፉ በረዶውን ጠርጎ ቁልቁለቱ ላይ፣ ግራና ቀኙ የተቆረጠ የአፈር ግድግዳ በሆነው መንገድ ከምሮታል፤ እስከ ጉልበት ይደርስ ነበር።

ሾፌሩ ቤንዚኑን ረገጠው። የኋላ ጎማዎቹ ባዶ ተሽከረከሩ፤ ፒክአፑ ወደ ጎን ተንሸራቶ ግድግዳውን ላሰ። እንደገና ረገጠው። ብርድ ልብሱን ተከናንቦ የረገፈ ገብሱን የሚያይ አንድ ገበሬ "ጨቢ፣ ጨቢ" እያለ ራሱን ይነቀንቃል፤ በኦሮምኛ በረዶ ማለቱ ነው። ሾፌሩ በዚያው በኦሮምኛ እስከ የት ድረስ እንደሆነ ጠየቀው። ገበሬውም እስከ ታችኛው ድልድይ ነው፣ ነገ ይቀልጣል፣ እኔው ቤት እደሩ አለው። ሽማግሌው ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

"ውረድ" አለ ኃላፊው።

ያስተኮሰውን ካኪ ጃኬት አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ። በረዶው ውስጥ ተንበርክኮ የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ ያሉትን ማያያዣዎች በእጁ አዞረ፤ እነሱ ካልዞሩ ፒክአፑ በአራቱም ጎማ አይጎትትም። ቫልቩን በክብሪት እንጨት እየተጫነ ከየጎማው ነፋስ ቀነሰ። ጣቶቹ ቀልተው መሪው ጋ ተቀመጠ።

"ፍሬን አልነካም። ብትጮሁም አልነካም" አለ።

ጮኸናል። በሁለተኛ ማርሽ ተነስቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ለቀቀ። ግድግዳው አልቆ በአንድ በኩል ገደል የሆነበት ስንደርስ መኪናው ወደ ገደሉ ሲንሸራተት መሪውን ወደዚያው ወደ ገደሉ አዞረው። ሾፌሩ "ማርያም ድረሽ!" አለ፤ መኪናው ግን እንደ ተገራ ፈረስ ቀና አለ። እንደገና ተንሸራተተ፣ እንደገና ቀና አለ። ያ በስብሰባ የሚያደክመን ሰው አንድ ነገር ከልቡ ሲያውቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ጓድ ጥጥ የምትሉኝ ያልሰማሁ መሰላችሁ?" ብሎ ሳቀ። "ይኸው ጥጡ!"

ድልድዩን ተሻገርን። ሽማግሌው ትከሻውን ይስመዋል።

ዴራ ስንደርስ ሌላ ዓለም ነው፤ ሙቀትና አቧራ። ጎሚስታ ጋ ቆመን ጎማዎቹን አስነፋንና ናዝሬት ገባን። ምልምሎቹ በተሰበሰቡበት ሜዳ የጭነት መኪኖቹ ሞተር ተነስቷል። ሾፌሩ እየሮጠ ልጁን አገኘው፤ እጁን ይዞ ወደ ፒክአፑ አመጣው። ከኋላ ሸራው እጥፋት ውስጥ የተጠራቀመው በረዶ ገና አላለቀም ነበር። ምልምሎቹ አይተውት ከመኪኖቹ ወረዱና ያፍሱ ጀመር፤ አንገታቸውን ያሻሉ፣ ይወራወራሉ። ብዙዎቹ ጢም እንኳ አላበቀሉም።

"አባባ፣ ይሄ ከየት መጣ?"

"ከአርሲ ነው። ጓድ ነው ያሻገረኝ። በል አመስግን።"

ልጁ ጎንበስ ብሎ "እግዜር ይስጥልኝ" አለ። ኃላፊው ትከሻውን ያዘው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እውነተኛ እንባ ነው፣ አጠገቡ ቆሜ አይቼዋለሁ። በዚህ መሃል የመኪኖቹ አዛዥ መጥቶ ሰላምታ ሰጠውና ጠየቀው።

"ጓድ፣ ከመነሳታችን በፊት የሚሉት ነገር አለ?"

የኃላፊው እጅ ገና የልጁ ትከሻ ላይ ነበር።

"ምንም የለም" አለ። "ቀጥሉ።"

ልጁ አልተመለሰም። ሬሳም ሆነ መርዶ አልመጣም፤ ዝም ብሎ ሳይመለስ ቀረ። አባትየው ግን ጡረታ ከወጣ በኋላም ያን ቀን ላገኘው ሁሉ ያወራ ነበር። "ያ ሰው ባይኖር ኖሮ የልጄን ፊት ሳላይ እቀር ነበር፤ ዕድሜ ይስጠው" ይላል። ሰሚውም አሜን ይላል። ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን አላስችል አለኝ።

"ጋሼ፣ አንድ ቃል እኮ ይበቃው ነበር" አልኩት።

"የማላውቅ መሰለህ?" አለኝ፤ አልተቆጣም። "እጁ ትከሻው ላይ ሳለ አፉን ነበር የማየው። ግን ከልጄ ጋር የቀረችኝ ያቺ ቀን ናት። እሷንም ክፉ ናት ልትለኝ ነው?"

 ለእሱ ስል ዝም አልኩ እንጂ፣ ናት።